ፋሲል የሁሉም ነው፤ ፎቶው ግን ባለቤት አለው

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የከተማችን ሰው ናቸው። ብዕራቸው ይጥማል፤ ቀልዳቸውም አይከፋም። ፍሬ ነገሩ ግን ፎቶ በማንሳት የምንኖረውን ሰዎች በቀጥታ ይነካል።

ባጭሩ እንዲህ ይላሉ። የጎንደር ፎቶ አንሺዎች የቅጂ መብት የሚሉት ነገር ይዘው ከተማዋን አስቸግረዋል። ግንቡ የሁሉም ስለሆነ ፎቶውም የሁሉም ነው። የሚያነሳው ካሜራው እንጂ ሰውየው አይደለም። ፌስቡክ ላይ የወጣ ፎቶ የተለቀቀ ነው፤ ቢበዛ ስም መጥቀስ ይበቃል። ያልተመዘገበ መብት መብት አይባልም። ለሰርጉ የከፈለ ሰው የፎቶው ጌታ ነው። ጥምቀት ላይ የሰው ፊት ሳያስፈቅዱ የሚያነሱ ሰዎች ስለ መብት ለማውራት አፍ የላቸውም። በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ያቀርባሉ። እሱ ጋ እደርሳለሁ።

ሁሉም ስህተት ነው አልልም። እንዲያውም በአንዱ ነጥብ ላይ ሕጉ ከእሳቸው ጋር ነው፤ የሙያ ጓደኞቼ ባይወዱትም እናገረዋለሁ። መጀመሪያ ግን ወደ ግንቡ።

አጼ ፋሲል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ የማንም ፎቶ አንሺ ንብረት አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የፋሲል ግቢ ነው። «ፋሲልን ማንሳት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ» የሚል ባልደረባ ካለ፣ ከጸሐፊው ጋር ሆኜ እስቅበታለሁ። ሕጉም አያውቀውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን አይጠብቅም። የሚጠብቀው ሐሳቡ ወጥቶ መልክ የያዘበትን ሥራ ነው። እኔ ጎሃ ሆቴል ካለበት ኮረብታ ላይ ቆሜ ከተማዋን ማምሻ ላይ ላነሳ እችላለሁ። ነገ ሌላ ሰው እዚያው ቆሞ፣ በዚያው ሰዓት ቢያነሳ ምንም የምለው የለም። የእሱ ፎቶ የእሱ ነው። የቀሃ ወንዝ ውኃ የሁሉም ነው፤ ቀድታ የመጣችውን ሴት እንስራዋን ተቀብሎ መሄድ ግን አይቻልም። ፎቶ አንሺው የሚለው ይኼንኑ ነው። ግንቡን አንሱት፤ የእኔን ፋይል ግን ጠይቁኝ።

ለንግድ የሚሆን ፊልም ግቢው ውስጥ ለመቅረጽ ፈቃድ የመጠየቁ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ያ የቅርሱ አስተዳደር ጉዳይ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን አደባልቀው «ለግቢው ሳይከፍሉ ለራሳቸው ይጠይቃሉ» ይላሉ። የመግቢያ ደረሰኝና የፎቶ ባለቤትነት አይገናኙም።

ወደ ካሜራው እንምጣ። «ሰውየው ቁልፍ ከመጫን ሌላ ምን ሠራ?» የሚለው ጥያቄ ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ናፖሊዮን ሳሮኒ የሚባል የኒውዮርክ ፎቶ አንሺ የደራሲ ኦስካር ዋይልድን ፎቶ አንስቶ ነበር። አንድ የኅትመት ድርጅት ፎቶውን ሳያስፈቅድ በብዛት አተመው። ሲከሰስ ፎቶ የማሽን ሥራ ነው፣ ደራሲ የለውም ብሎ ተከራከረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1884 ይህን አልተቀበለም። አቀማመጡን፣ ልብሱን፣ ብርሃኑንና ጥላውን ያሰናዳው ሳሮኒ ነው አለ። የአሜሪካ ፍርድ እኛን አያስገድድም፤ ምክንያቱ ግን እዚህም ይሠራል።

ያላመነ ሰው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይግባና ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ለማንሳት ይሞክር። ቤቱ ጨለም ያለ ነው። ፍላሽ የሚበራበት ቦታ አይደለም። ካሜራው ብርሃን እንዲሰበስብ ጊዜ ከሰጡት እጅ ይንቀጠቀጣል፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከፍ ካደረጉት ፎቶው ይሻክራል። ወይም የጥምቀት ሌሊት ፋሲለደስ መዋኛ ይምጣ። ከታቦታቱ ጋር ካደረው ሕዝብ መሀል ቦታ ይያዝ። ውኃው ተባርኮ ወጣቶቹ ሲዘሉ የትኛውን ሰከንድ እንደሚይዝ ይወስን። የት ልቁም፣ ምን ላስቀር፣ መቼ ልጫን የሚለው ነው ሥራው። አዋጁ ደግሞ የሥራውን ጥራት እንኳ አይመዝንም። ወጥ (ከሌላ ያልተገለበጠ) ይሁን፣ መልክ ይዞ ይቀረጽ ነው የሚለው። ጸሐፊው «አሁን እኮ በስልክም ይነሳል» ይላሉ። አዎ። እሳቸውም በስልካቸው ያነሱትን ስማቸውን አስፍረው ቢያወጡ ያው ጥበቃ ይገባቸዋል።

እዚህ ላይ ለእሳቸው የሚጠቅም ነገር ልጨምር። የድሮ ሥዕል ፊት ለፊት ቆሞ፣ ያለምንም ምርጫ እንዳለ የገለበጠ ሰው «ወጥ ሥራዬ ነው» ቢል ክርክሩ ይደክማል። ቅኝት ማሽን የሚሠራውን ነው የሠራው።

«ፌስቡክ ላይ ከወጣ ተለቅቋል» የሚለው በጣም ከተለመዱት ውስጥ ነው። በከተማችንም ብዙ ሰው ያምንበታል። ፎቶ ፌስቡክ ላይ ስንጭን ለድርጅቱ እንዲያሳየውና እንዲያሰራጨው ፈቃድ እንሰጣለን። በአገልግሎት ስምምነቱ ላይ ተጽፏል። ፈቃዱ ለፌስቡክ ነው። ለአጎራባች ሆቴል፣ ለባነር ቤት፣ ለካላንደር አታሚ አይደለም። ባለቤትነቱም ከጫነው ሰው አይወጣም።

ለዚህ ከዳንኤል ሞሬል የተሻለ ምስክር የለም። ሞሬል የሄይቲ ፎቶ አንሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ እዚያው ነበር። ያነሳቸውን ፎቶዎች ያኔውኑ በትዊተር በኩል አወጣ። የፈረንሳዩ ዜና ወኪል ኤኤፍፒና ፎቶ አከፋፋዩ ድርጅት ጌቲ ኢሜጅስ ፎቶዎቹን ወስደው ለዓለም አሰራጩ። ጉዳዩ ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ሲደርስ የኤኤፍፒ ክርክር የጸሐፊያችን ክርክር ነበር፦ ትዊተር ላይ ከወጣ ለመጠቀም ፈቃድ አለ። አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2013 ለሞሬል 1.2 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈለው ተፈረደ።

ሼር ማድረግ ግን ሌላ ነው። ከእኔ ገጽ ላይ ሼር የሚለውን ተጭኖ ለጓደኞቹ ያሳየን ሰው ማንም አይጠይቀውም፤ እንዲያውም ይመረቃል። ፎቶውን አውርዶ የስልኩ ስክሪን ላይ ያደረገውም እንዲሁ። ሕጉ ለግል የሚሆን ቅጂን ይፈቅዳል። ለመጥቀስና ለማስተማርም ቦታ ትቷል። ችግሩ የሚጀምረው ፎቶው ተቆርጦ ምርት መሸጫ ሲሆን ነው።

«ስም መጥቀስ ይበቃል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ስም መጠቀስ የሞራል መብት ነው፤ በደግነት የሚሰጥ ነገር አይደለም። ግን ክፍያውንም ፈቃዱንም አይተካም። ደግሞ ስሙስ ቢሆን መቼ ይጠቀሳል? «ፎቶ፦ ከፌስቡክ» ተብሎ ይጻፋል። ፌስቡክ ካሜራ አንግቶ ፒያሳ ሲዞር ያየ ካለ ይንገረኝ።

ፎቶ ጥግ ላይ ስም መጻፉን ጸሐፊው ስስት ብለውታል። በእኔ በኩል ለወጣቶቹ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ስምና አድራሻ ፎቶ ላይ መኖሩ በሕግ ፊት ክብደት አለው። ጥግ ላይ ጻፉት፤ ፋይሉ ውስጥም አስገቡት። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ድርጅት የእኔን የፋሲል ፎቶ ለአዲስ ዓመት ካላንደር ሲጠቀም መጀመሪያ ያደረገው ያንን ጥግ መቁረጥ ነበር። ስሙ ከንቱ ቢሆን ኖሮ ማን ይደክምበታል?

ስለ ምዝገባ ብዙ አልልም። አዋጁ ጥበቃውን ለማግኘት ምዝገባ አይጠይቅም። የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚፈልግን ሰው ይመዘግባል፤ የምስክር ወረቀቱ ክርክር ሲመጣ ይጠቅማል። ግዴታ ግን አይደለም።

አሁን ሰርጉ። እዚህ ጸሐፊው ራሳቸው ከሚያስቡት በላይ ትክክል ናቸው። አዋጁ እንዲህ ይላል፦ አንድ ሥራ በቅጥር ወይም በትእዛዝ ሲሠራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ የመጀመሪያ ባለቤት ቀጣሪው ወይም አዛዡ ነው። ሙሽሮቹ ከፍለው አዝዘዋል። ውል ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈ፣ ፎቶዎቹን የማተምና የማባዛት መብቱ የእነሱ ነው። «እኔ ያነሳሁት የእኔ ነው» እያሉ የሰርግ ፎቶ ለሦስተኛ ወገን የሚሰጡ ባልደረቦች ይህን ቢያነቡ ጥሩ ነው።

ችግሩ የኛ አሠራር ነው። የጎንደር ሰርግ እንዴት እንደሚታዘዝ ሁላችንም እናውቃለን። ሚዜው ይደውላል። ዋጋ ይባላል፤ ይወርዳል። ቀብድ ይላካል። ከዚያ ቅዳሜና እሑድ፣ መልስና ቅልቅል፣ ግቢው ውስጥ የሙሽሮች ፎቶ፣ አልበም፣ ቪዲዮ። አንዲት ገጽ ወረቀት የለችም። በኋላ ሙሽራው ያልተሠራበትን ጥሬ ፋይል በሙሉ ስጠኝ ይላል። ፎቶ አንሺው «አይሰጥም» ይላል። አንዱ አልበሙን ዘገየብኝ ይላል፤ ሌላው ቀሪ ክፍያ አልመጣም። ሁለቱም ስለ መብት ይጮኻሉ፤ ያልተጻፈው ነገር ሲቆጠር ግን ሕጉ የሚያዘነብለው ወዳዘዘው ሰው ነው። ስንት ፎቶ እንደሚሰጥ፣ ጥሬ ፋይል ይኑር አይኑር፣ ሃርድ ዲስክ ላይ እስከ መቼ እንደሚቀመጥ፣ ፎቶ አንሺው ለራሱ ማስታወቂያ የትኞቹን ማሳየት እንደሚችል፣ ይህ ሁሉ በውል የሚያልቅ ነው። ቀብድ ከመቀበል በፊት ሁለት ፊርማ።

በስቱዲዮ ተቀጥረው ለሚሠሩ ልጆችም ነገሩ ያው ነው። ባለስቱዲዮው የላከው ሁለተኛ ካሜራ ያነሳው ፎቶ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ለቀጣሪው ነው። ይህን ሳያውቁ ዓመታት የሚሠሩ አሉ።

ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስተው ሁለት ስህተት ይሠራሉ። አንደኛ፣ የኢኮኖሚ መብት ተላለፈ ማለት የሞራል መብት ሄደ ማለት አይደለም። አንሺው አንሺ መሆኑን የመናገር መብቱ አብሮት ይቀራል። ሥራውን ክብሩን በሚነካ መንገድ ማበላሸትንም መቃወም ይችላል። የሙሽሪት የአክስት ልጅ አምስት ፊልተር ደራርቦ፣ ፊቷን ወተት አስመስሎ፣ ከሥሩ የእኔን ስም ትቶ ቢያወጣው ዝም በል አትበሉኝ። ሁለተኛውና ትልቁ ግን ይኼ ነው። የሰርጉ ሕግ የሚሠራው ለታዘዘ ሥራ ነው። የካላንደሩን ፎቶ ማንም አላዘዘም። በራሴ ጊዜ፣ በራሴ ካሜራ፣ ከእንቅልፌ ተነስቼ ያነሳሁት ነው። «ሰርግ ላይ ደንበኛው ጌታ ነው» ብሎ ከዚያ ወደ ፋሲል መዝለል አይሆንም።

ከባዱ ነጥባቸው ስለ ጥምቀት ያነሱት ነው። በከፊል ይዋጥልኛል።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 27 የሚለው ግልጽ ነው። የአንድ ሰው ፎቶ ያለፈቃዱ በአደባባይ አይለጠፍም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም። ይህ ፎቶ አንሺውን በቀጥታ ይመለከታል። ፎቶ ቤቶቻችን መስተዋት ላይ የደንበኛን ፎቶ አሳድገው የመስቀል ልማድ አላቸው። የተመረቀች ልጅ፣ የአንድ ዓመት ሕፃን፣ ሙሽሪት በካባ። ብዙዎቹ አልተጠየቁም። ይህ የቆየ ልማድ ነው፤ ከሕጉ ጋር ግን ፊት ለፊት ይጋጫል። አሁን መስተዋቱ ወደ ቲክቶክ ተዛውሯል። ልዩነቱ የሚያየው ሰው መብዛቱ ብቻ ነው።

አንቀጽ 28 ደግሞ በር ይከፍታል። ሰውየው የታወቀ ሰው ወይም ባለሥልጣን ከሆነ፣ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ካስፈለገ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ከሆነ ፈቃድ አይጠየቅም። ሕዝብን የሚመለከት ወይም በአደባባይ የተደረገ ክንውንም እዚህ ውስጥ ይገባል። ጥምቀት በትክክል እዚህ ውስጥ ነው። ታቦቱን አጅቦ የሚሄደውን ሕዝብ፣ የሚዘምሩትን ካህናት፣ የሚጨፍሩትን ወጣቶች አንስቶ «የጎንደር ጥምቀት» ብሎ ማሳየት ሕጉን አይጥስም። በዓሉ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ፎቶ ሳይነሳ ዓለም አያውቀውም ነበር።

ግን በሩ ያለ ልክ አይከፈትም። ከዚያው ሕዝብ መሀል የአንዲትን ሴት ፊት ቆርጦ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ መለጠፍ በዓሉን ማሳየት አይደለም። የሴትየዋን ፊት መሸጥ ነው። ያኔ ፎቶ አንሺው የቅጂ መብት ቢኖረውም እሷን ሳያስፈቅድ አይሆንም። ፍርድ ቤት እንዲቆም ሊያዝ፣ ካሳም ሊያስከፍል ይችላል። ከሕጉ ውጭም አንዳንድ ነገር አለ። ውኃው ውስጥ ልብሷ ገላዋ ላይ የተጣበቀባትን ልጅ በረጅም ሌንስ እየሳበ የሚያነሳ ሰው አይቻለሁ። አደባባይ ነው፤ በዓል ነው። እኔ ግን አላነሳም፤ የሚያነሳውንም አላደንቅም።

ስለዚህ ጸሐፊው ፎቶ አንሺው የሰው መብት ሊነካ ይችላል ሲሉ ልክ ናቸው። «ስለዚህ የእሱ መብት ይቅር» ሲሉ ግን ይስታሉ። የተነሳው ሰው መብት አንድ ነው፤ ያነሳው ሰው መብት ሌላ። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ያለፈቃድ የወሰደው ነጋዴ ደግሞ ከሁለቱም ወገን አይደለም።

«ለአንድ ፎቶ ማን ፍርድ ቤት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ላይ እሳቸውም እኔም እንስማማለን፤ ብዙ ሰው አይሄድም። አብዛኛው በስልክ ወይም በሽማግሌ ያልቃል። ሕጉ ግን ጥርስ የለውም ማለት አይቻልም። አዋጅ 410 ለሞራል ጉዳት የሚከፈል ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። ይህ ከኢኮኖሚ ጉዳቱ ካሳ ውጭ ነው። የ1996ቱ አዋጅ ሆን ብሎ መብት የጣሰን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል ይላል። እውነት ለመናገር ይኼኛው ይበዛብኛል። ለአንድ ካላንደር አምስት ዓመት ከባድ ነው። ካሳው ቢጠነክርና እስሩ ቢቀል እመርጣለሁ። የሚከስ ሰው ግን መጀመሪያ ማስረጃውን ይያዝ። ዋናው ፋይል ከነቀኑ፣ ከፊትና ከኋላው የተነሱት ተከታታይ ፎቶዎች፣ ያልተቆረጠው ሙሉ ምስል። የወሰደው ሰው እጅ ውስጥ እነዚህ አይገኙም።

«የልጅ ልጆቻቸው ሳይቀሩ ይጠይቁናል» የሚለው ስጋታቸው አሳቀኝ። በአዋጁ የፎቶ መብት የሚቆየው ከተሠራ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። በ1980 የተነሳ የፋሲል ፎቶ በዚህ ስሌት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። የጽሑፍ ሥራ ግን ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። የእሳቸው ጽሑፍ ከእኔ ፎቶ በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው። ይኸው ጽሑፍ ስማቸው ተቆርጦ ሲዞር አይቻለሁ፤ ያም ልክ አይደለም።

የመጨረሻው ሐሳባቸው ይኼ ነው። ፎቶ አንሺዎች ጥሩ ጥሩ ፎቶዎቻቸውን አንድ ቦታ ያስቀምጡ፤ ማንም ሰው ለጎንደር ማስተዋወቂያ በነፃ ይውሰድ። ሐሳቡን አልቃወምም። «ማንም» የሚለው ላይ ነው ጥያቄዬ። ለትምህርት ቤት መጽሔት፣ ለከተማዋ የቱሪዝም ብሮሹር፣ ለበዓል ኮሚቴ እኔ በነፃ እሰጣለሁ፤ የማውቃቸው ባልደረቦችም ይሰጣሉ። በዚያው ፎቶ ክፍል የሚያከራይ ሆቴል ወይም ቱሪስት ይዞ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ አስጎብኚ ድርጅት ግን ከፍሎ ይጠቀም። ለአስተናጋጁና ለሾፌሩ እንደሚከፍለው ማለት ነው። የጭላዳውን ፎቶ ለማንሳት ደባርቅ ድረስ የሄደው ሰው ነዳጁን በነፃ አላገኘውም።

ሕጉ ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን ስለሚል ወረቀቱን ከአሁኑ ማዘጋጀት ይቻላል። የትኛው ፎቶ፣ ለምን ሥራ፣ እስከ መቼ፣ ስሙ የት እንደሚቀመጥ፣ ንግድ ከሆነ ስንት። አንድ ገጽ ይበቃዋል። እኔ ረቂቁን ጀምሬዋለሁ። ጸሐፊው የቋንቋ ሰው ስለሆኑ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። ካላንደር የሚያሳትሙ ድርጅቶች ለአዲስ ዓመት ፎቶ መፈለግ የሚጀምሩት ክረምት ላይ ስለሆነ፣ ከሐምሌ በፊት ብንጨርሰው ይሻላል።